ደረቁ ሸሚዝ

ኢንስፔክተር ተናኘ ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ዋና መንገድ ገባ ብሎ ወደሚገኘው የኢብራር ልብስ ስፌት ግቢ ስትደርስ አስከሬኑ ከወደቀበት ተነስቶ በረንዳ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ደሙም በውሃ ጎማ ታጥቦ ወደ ቦዩ ሄዷል።

«ማነው ያጠበው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው ጋሽ ባጫ። ጎማው ገና ከእጃቸው አልወረደም። «የሰው ደም እየተረገጠ ሲታለፍ ማየት አቃተኝ።»

«አስከሬኑንስ ማን አነሳው?»

«ሁላችንም ተጋግዘን። ጭቃ ላይ እንዴት ይቅር?»

ተናኘ ዐይኗን ጨፍና በልቧ እስከ አምስት ቆጠረች። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ወንጀለኞች ካጠፉባት ማስረጃ ይልቅ ደጋግ ሰዎች ያጠፉባት ይበልጣል። ዐይኗን ስትገልጥ ጋሽ ባጫ አሁንም በትሕትና ይመለከቷት ነበር፤ መቆጣት እንኳ አልሆነላትም።

ሟቹ ሀያቱ ይባላል፤ የስፌት ቤቱ ጨርቅ መርማሪ ነው። ጥቁር የዝናብ ጃኬት ለብሷል። ዚፑ እስከ አገጩ ተዘግቷል፤ ኮፍያውም እንደተጠለቀ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ከውጭ በኩል ወደ ፎቅ የሚያወጣው የብረት ደረጃ አሥራ ስምንት እርከን አለው፤ ዝናቡ ሲያባራ ሀያቱ የተገኘው ከደረጃው ግርጌ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ነው።

በግቢው ውስጥ የነበሩት ጥቂት ናቸው። መብራት ስለጠፋ ሰፊዎቹ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተሰናብተዋል። የቀሩት ሀያቱ፣ ባለቤቱ አቶ ኢብራር፣ ወረቀቱንና ደብዳቤውን የሚሠራው ቀዳማዊ፣ በስፌት መስመር ላይ ውሃ እንዳይገባ በሙቀት ፕላስተር የሚለጥፈው ሮቤራ፣ እንዲሁም ጋሽ ባጫ ናቸው። በሩን የሚከፍቱት ጋሽ ባጫ ሲሆኑ ሌላ ሰው አልገባም ይላሉ። ፊት ለፊት ያለችው ባለ ሱቅም ሽማግሌው ከወንበራቸው እንዳልተነሱ ትመሰክራለች።

አቶ ኢብራርን ቢሮው ውስጥ አገኘችው። ምን እየሠሩ እንደነበር ስትጠይቀው ሳይሰለች አስረዳት። የተራራ አስጎብኚዎች ማኅበር መቶ ሃያ ጃኬት ሊያሠራ ነው። ለዚህም ሦስት ዓይነት ጨርቅ ቀርቧል። ሦስቱም ዝናብ አያስገቡም፤ ልዩነታቸው የላብን እንፋሎት ወደ ውጭ ማስወጣታቸው ላይ ነው። አንደኛው ውስጡ ስስ ሽፋን ያለውና እንፋሎት የሚያሳልፍ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በፕላስቲክ የተቀባ፣ ምንም የማያሳልፍ ነው።

«ላብ ባይወጣ ምን ይሆናል?» አለች ተናኘ።

«አቀበት ላይ ያላበው ሰው ጫፍ ሲደርስ የረጠበው ሸሚዙ ይቀዘቅዛል። በባሌ ብርድ ሰው ይገድላል። ሀያቱ ቀን ከሌት የሚጨቃጨቀን በዚህ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ወደ ባንክ ሄጄ ነበር። ስመለስ ጋሽ ባጫ በሩን ሲከፍቱልኝ ዝናቡ መጣል ጀመረ፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ እስኪያባራ ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ከቀዳማዊ ጋር እዚህ ነበርን። ሀያቱ ጃኬቱን ለብሶ በዝናቡ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ አየነው። የሱ ፈተና እንደዚያ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ደረጃ ይወጣል፣ ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ይመዝናል።» ወደ በረንዳው ተመለከተ። «ጃኬቱን ግን አስተውለሻል፣ እህቴ? ስናነሳው ከሥር ሸሚዙን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ አላስገባም።»

በዚህ ሰዓት እንኳ ነጋዴ ነህ፣ ብላ አሰበች፤ ማስታወሻዋ ላይ ግን «ሸሚዝ ደረቅ» ብላ ጻፈች።

ቀዳማዊ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የታረመ ሰው ነው። ያንኑ ደገመላት። «ሃያ ጊዜ ሳይወጣ ሳይወርድ አይቀርም፣ ኢንስፔክተር። ‹ሀያቱ ዛሬም ደረጃውን ይዞታል› ብዬ ሁሉ ቀልጃለሁ። ያን ቃል ባላወጣሁት ይሻለኝ ነበር።»

ሮቤራ ግን የሚነግራት አጣ። «መብራት ይመጣል ብዬ ማሽኑ ሥር ጋደም ብያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ቢጮህ ይሰማል? ጠዋት ተጨቃጭቀናል፤ አልደብቅሽም። ‹ያንተ ፕላስተር ጠማማ ነው› አለኝ። ጠማማ ነበር።»

ስልኳ ጮኸ፤ አዛዡ ነው። «ተናኘ፣ ዝናብ፣ የብረት ደረጃ፣ ያዳለጠው ሰው። አደጋ ነው። ነገ ከሰዓት በፊት ዝጊልኝ፤ ቤተሰቡ ሊቀብር ይጠብቃል።»

«መደገፊያ ያለው ደረጃ ነው፣ ጌታዬ።»

«መደገፊያ ያለው ደረጃ ሰው አይጥልም?»

እውነቱን ነው። የበለጠ ያናደዳትም ይኸው ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት የሀያቱ ሚስት አልፊያ ጣቢያ መጣች። አብረዋት የባሏ አጎት አሉ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል፦ ሟች በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ሕይወቱ ማለፉን አምነን ቅሬታ የለንም ይላል። ከሥሩ የአልፊያ ስም ተጽፎ ፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«ፈርሚ፣ ልጄ» አሉ አጎትየው። «ሌሊቱን በረዶ ቤት አደረ። ዛሬም ሳይቀበር ሊውል ነው?»

«አስከሬኑን ይስጡኝ፣ እቀብረዋለሁ። ይሄን ግን አልፈርምም።» ወደ ተናኘ ዞረች። «እህቴ፣ ባሌ የጥንቃቄ ጉድለት የሚባል ነገር አያውቅም። አታውቂውም እንጂ ሰው የሚያስመርር ነበር። ለልጆቹ ብስኩት ሲገዛ እንኳ ወረቀቱን አውልቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ ነው የሚያስመርጣቸው፤ ‹ስሙን ካያችሁ ምላሳችሁ ይዋሻል› እያለ። እንዲህ ያለ ሰው በዝናብ እየሮጠ ደረጃ ይወድቃል? ልጆቹ ሲያድጉ አባታችን በምን ሞተ ሲሉኝ ይሄን ወረቀት ላሳያቸው?»

«ዛሬ ከሰዓት፣ በአስር ሶላት ይቀበራል» አሉ አጎትየው በደከመ ድምፅ። «ከዚያ በኋላ ማን ይመረምረዋል?»

ተናኘ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ከሩብ። «እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ ስጡኝ» አለች፤ ምን እንደምታደርግበት ግን አታውቅም ነበር።

ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተይዞ አርባ ደቂቃ አባከነባት። ስፌት ቤቱ ስትደርስ መብራት አሁንም የለም። በእጇ ያለው የሐኪሙ ማስታወሻ አንድ ገጽ ብቻ ነው፦ የራስ ቅል ስብራት፣ ሌላ ቁስል የለም፤ ሸሚዝና የጃኬቱ የውስጥ ሽፋን ደረቅ።

የሀያቱ መፈተኛ ክፍል ፎቅ ላይ፣ ከብረቱ ደረጃ ራስ ነው። መስቀያው ላይ አምስት ጃኬቶች ተሰቅለዋል። ስድስት ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሁለት ሁለት ተሰፍቶ ነበርና። የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ጥቁር ናይሎን፣ የሁሉም ገበር አንድ ዓይነት መረብ ነው፤ ለዐይን አይለዩም። አንገታቸው ውስጥ ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚል ፊደል በነጭ ክር ተሰፍቷል። ሟቹ የለበሰው ሀ ነው። ቀዳማዊ የሰጣት የመዝገብ ቅጂ ሀ ባለ ስስ ሽፋኑ፣ ምርጡ ጨርቅ መሆኑን ይናገራል። ሐ ደግሞ በፕላስቲክ የተቀባው ነው።

ሁሉም ነገር ተገጣጥሟል። ምርጡን ጃኬት ለብሶ ደረጃ ወጣ፣ ላቡ በጨርቁ አልፎ ወጣ፣ ሸሚዙ ደረቀ፣ አዳለጠው፣ ሞተ። ተናኘ የሚገጣጠም ነገር ሲበዛባት ይከፋታል።

ሁለተኛውን ሀ ጃኬት አወረደችና ለበሰች። ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋች፤ ኮፍያውንም ጠለቀች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ ጋሽ ባጫ ከታች።

«ይቁጠሩልኝ።»

በሰባተኛው ምልልስ ትንፋሽ አጠራት። በአሥረኛው ብብቷ ረጠበ። በአሥራ አምስተኛው ላቡ በጀርባዋ ቁልቁል ሲወርድ ይሰማታል። ጃኬቱን ስታወልቅ የውስጥ ገበሩ በውሃ ጠብታ ተሸፍኗል፤ ሸሚዟ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

«ምነው፣ ዝናብ አልጣለ! በምን በሰበስሽ?» አሉ ጋሽ ባጫ።

«በላብ ነው፣ ጋሽ ባጫ!»

«ዕድሜሽ ነው እንግዲህ።»

ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ምርጡ ጨርቅ ይሄ ከሆነ ሀያቱ እንዴት ደረቀ? ምናልባት እሷ ወፍራም ናት። ምናልባት እሱ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር። ጃኬቱን ወንበር ላይ ወርውራ ተቀመጠች። አንድ ሰው ሲሞት የነገሮች ሁሉ መልስ «ምናልባት» ይሆናል።

ያን ጊዜ ነው መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሦስት ብልቃጦች በወጉ ያየችው። እያንዳንዱ እኩል ውሃ ተሞልቶ አፉ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ጨርቁም በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። አጠገባቸው በባትሪ የሚሠራ ሚዛንና ደብተር አለ። ነገሩ ቀላል ነው፦ እንፋሎት የሚያሳልፍ ጨርቅ የከደነው ብልቃጥ ውሃው ይቀንሳል፣ ክብደቱ ይወርዳል። ሀያቱ ብልቃጦቹን የሞላው ማክሰኞ ጠዋት እንደሆነ ጽፏል። ረቡዕ ጠዋት የመዘገበውንም አነበበች። ሀ ሁለት ግራም ቀነሰ። ለ አሥራ አራት። ሐ ዘጠኝ።

ሁለት ግራም? ምርጡ ጨርቅ?

ሁለተኛውን ሀ ጃኬት ወደ መስኮቱ ወስዳ አንገቱን ገለበጠችው። ከተሰፋው ፊደል ጎን የቀድሞ ስፌት የተተረተረባቸው ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ። ስልኳን አንስታ ወደ አልፊያ ደወለች።

«አልፊያ፣ ሀያቱ ሰሞኑን የሰጠሽ ወረቀት አለ?»

«አለ። ሰኞ ማታ የታጠፈ ወረቀት ሰጥቶኝ ‹አትክፈቺው፣ ፈተናው ሲያልቅ ትሰጪኛለሽ› አለኝ። እንደ ብስኩቱ ነው ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርኩት።»

«አሁን ክፈቺው።»

ወረቀት ሲከፈት ተሰማ። «አዲሱ ሀ፣ የድሮው ሐ። አዲሱ ለ፣ የድሮው ሀ። አዲሱ ሐ፣ የድሮው ለ። ምን ማለት ነው፣ እህቴ?»

«ባልሽ ሰው የሚያስመርር ነበር ማለት ነው» አለች ተናኘ። «ይዘሽው ነይ። የስልኩንም መክፈቻ ካወቅሽው ንገሪኝ።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። አልፊያና አጎትየው ከበሩ አጠገብ፣ ኢብራር፣ ቀዳማዊና ሮቤራ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ጋሽ ባጫ ግድግዳውን ተደግፈው። አዛዡም መጥቷል፤ ሰዓቱን እያየ።

ተናኘ ሦስት ጃኬቶች ዘረጋች። «አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ። ከሦስቱ ላብ የሚያስወጣውን፣ ምርጡን፣ አንሱልኝ። አቶ ቀዳማዊ፣ ይጀምሩልኝ።»

ቀዳማዊ የጃኬቶቹን አንገት ተራ በተራ ገልጦ አየና አንዱን አነሳ። «ይሄ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሀ።»

«መልሰው ያስቀምጡት። አቶ ኢብራር?»

ኢብራር አንገታቸውን አላየም። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል እያሻሸ ሄደ። ሀ ላይ ሲደርስ ወዲያ ገፋው። «ይሄስ ቆርቆሮ ነው። ምርጡ ይሄ መሀል ላይ ያለው ነው።»

ሮቤራ ጨርቆቹን ከጆሮው አጠገብ ጨመደዳቸው። ሀ ሲንኮሻኮሽ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስተሬ እንኳ በወጉ አይዘውም። ምርጡ ለ ነው።»

ቀዳማዊ የመረጠውን ጃኬት አንገት እንደገና ገልጦ አየ።

«ሁለቱ በእጃቸው አወቁ» አለች ተናኘ። «አንዱ በፊደል አነበበ። ፊደሎቹን ግን ሀያቱ ሰኞ ማታ ተርትሮ፣ አዘበራርቆ ነው የሰፋቸው፤ ማንም ለሚወደው ጨርቅ እንዳያዳላ። ምስጢሩ ያለው አልፊያ እጅ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ሀያቱ ሲሞት የለበሰው ሀ፣ በፕላስቲክ የተቀባው፣ ላብ የማያስወጣው ጃኬት ነው።»

«ታዲያስ?» አለ አዛዡ።

«ታዲያማ ጌታዬ፣ ይሄን ጃኬት ዛሬ ለብሼው አሥራ አምስት ጊዜ ወጥቼ ወርጄበታለሁ፤ ሸሚዜ ተጨመቀ። ሀያቱ ሃያ ጊዜ ወጣ ወረደ ተብሏል፤ ሸሚዙ ደረቅ ነው። ሁላችንም ያ ድርቀት ጃኬቱ ጥሩ ለመሆኑ ማስረጃ መሰለን። ያሳየን ግን የለበሰው ሰው አንድ እርከን እንኳ አለመውጣቱን ነው። ያልተንቀሳቀሰ ሰው አያልበውም። ሀያቱ ጃኬቱን የለበሰው ከሞተ በኋላ ነው።»

አልፊያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለምን ያለብሱታል?» አሉ ጋሽ ባጫ።

«የዝናብ ጃኬት ለብሶ የሞተ ሰው ሲገኝ ሁላችንም በዝናብ ሰዓት ሞተ እንላለን። በዝናብ ሰዓት ደግሞ ሁለት ሰዎች አብረው ነበሩ። ከዝናቡ በፊት ግን አቶ ኢብራር ባንክ ነበሩ፤ በሩን የከፈቱላቸው እርስዎ ነዎት። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሮቤራና ቀዳማዊ ናቸው።» ወደ ኢብራር ዞረች። «‹አየነው› ብለውኛል። እርስዎ በዐይንዎ አይተውታል?»

ኢብራር ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ በቀስታ፣ «እኔ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ነበር። ቀዳማዊ ነው... ‹ደረጃውን ይዞታል› አለኝ። እኔም ያየሁት ያህል...»

«ሮቤራ ቢሆን ኖሮ ጃኬቱን ሲይዘው ጣቱ ይነግረው ነበር። ደረቅ ሸሚዝ እንዳያጋልጠው ብሎ ምርጡን የመረጠ፣ ምርጡን ግን በፊደል ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው ያለበሰው።»

«ዝናብ ነበር እኮ» አለ ቀዳማዊ። «ተሳስቼ ይሆናል። ጥላ አይቼ ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል። ይሄስ?» ከአስከሬኑ ኪስ የተገኘውን የሀያቱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ትናንት ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ማኅበሩ ደውሎለት አነጋግሯል። ዛሬ እኔም ደወልኩላቸው። የደወሉት ሊያመሰግኑት ነው። ሰኞ ዕለት የፈተናው ውጤት በሀያቱ ፊርማ ደርሷቸዋል፤ በፕላስቲክ የተቀባው ጨርቅ ፈተናውን አልፏል የሚል። ሀያቱ ግን ብልቃጦቹን የሞላው ማክሰኞ ነው። ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አራት ላይ እንደገና ደውለዋል። ያን ጊዜ ያነሳው የለም።»

ኢብራር ወደ ቀዳማዊ ዞረ። «የምን ደብዳቤ?»

«እስከ ሰኞ ካልላካችሁ ለሌላ እንሰጣለን አሉ!» ቀዳማዊ ጮኸ። «አንተ ‹ጨርስልኝ› ትለኛለህ፣ እሱ ‹ገና ነው› ይለኛል፤ ሦስት ወር! ሁለታችሁ መካከል ቆሜ ስለምናችሁ የሰማኝ ነበር? መጋዘን ያለንን ጨርቅ ጻፍኩ። ጃኬት ነው እኮ፣ ጃኬት!» ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አልገፋሁትም። ስልኩ እንደገና ሲጮህ ሊያነሳ ነው ብዬ ልቀማው ዘለልኩ። ደረጃው ራስ ላይ ነበርን፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ መርገጫ አጣ።»

«እንበልና ወደቀ» አለች ተናኘ። «ሰው አልጠራህም። ፎቅ ወጥተህ ጃኬት መረጥክ።»

አዛዡ ካቴናውን ራሱ አወጣ። ተናኘ ድል የሚባለውን ነገር በውስጧ ብትፈልገው አጣችው፤ ያለው ድካምና ያልደረቀ ሸሚዝ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስከሬኑ ወጣ። ወንዶቹ በሁለት ፒካፕ ተጭነው ወደ ኮልፌ መቃብር ሄዱ። ሮቤራና ኢብራር አብረዋቸው ነበሩ። ሴቶቹ ከአልፊያ ደጅ ቆመው መኪኖቹ ከጠመዝማዛው እስኪሰወሩ ተመለከቱ። ተናኘ ጥግ ይዛ ቆማለች። መሄድ ነበረባት፤ ግን አልሄደችም።

አልፊያ ወደ እሷ መጣች። «መጨረሻ ላይ ምን ተባብለው ነበር? ሰውየው ቃሉን ሲሰጥ ነግሮሻል?»

ተናኘ አመነታች። «ነግሮኛል። ሀያቱ አልጮኸበትም። ‹እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ራስህ ደውለህ ስህተት ነው በላቸው፤ ለኢብራርም አልናገርም› ነው ያለው። ከዚያ ነው ስልኩ እንደገና የጮኸው።»

ከአልፊያ ጉሮሮ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ወጣ።

«ጊዜ ሰጠው» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር እራት አምስት ደቂቃ ቢዘገይ የሚቆጣኝ ሰው! እስከ ጠዋት ሰጠው?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ተናኘም ደብተሯን ኪሷ ውስጥ ከትታ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።